የእትዬ ግራም ሚዛን

እትዬ ግራም የሚለውን ስም ያወጣላቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲሠሩ ጨው እንኳ በእጃቸው ዘግነው ድስት ውስጥ ጨምረው አያውቁም፤ ይመዝናሉ። ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ይመዝናሉ፣ ልጠውም ይመዝናሉ፣ ልጣጩንም ለብቻው መዝነው ሁለቱ ተደምረው ልክ ካልመጡ ሽንኩርት የላጠችውን ሴትዮ በክፉ ዓይን ያያሉ። ዘበኛው አንድ ቀን ምሳውን ሊቀበል መጥቶ፣ "እትዬ፣ ለእኔ ስንት ግራም ደረሰኝ?" ቢላቸው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "አራት መቶ ሃያ" አሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም።

ከሚዛናቸው ቀጥሎ የሚታወቁት "ተሳሳትኩ" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ባለማወቁ ነው። ወጥ ቢያር ምድጃው ነው፣ ሩዝ ቢላቁጥ ነጋዴው ነው፣ ልጃቸው ፈተና ብትወድቅ አስተማሪው ነው። መጥፎ ሰው ሆነው አይደለም። ባላቸው ሞቶባቸው አንዲት ሴት ልጅ ለብቻቸው ሲያሳድጉ፣ አንዴ ከተጠራጠሩ ቤቱ ሁሉ የሚናድባቸው ይመስላቸው ስለነበር እርግጠኝነትን ከሽርጣቸው ጋር በየማለዳው ይታጠቁ ነበር። ልጅቱ ግን ይህን በምን ትወቅ? አድጋ መሬት ቀያሽ ሆነች፤ የመሬት ከፍታና ዝቅታ በመለካት እንጀራዋን ስትበላ፣ እናቷን በተመለከተ ያላት ልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እማዬ ሁልጊዜ ትክክል ናት። ሲገናኙ ስለ አየር ጠባይ እንኳ ተከራክረው ነው የሚለያዩት።

ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ "አሁንስ አርፈው ይቀመጣሉ" ሲል እሳቸው ሄደው የምግብ ማድረቂያ ማሽን ገዙ። ፀሐይ ላይ እንደማስጣት ያለ አይደለም። የልብስ ማጠቢያ የምታክል፣ ክብ የመስታወት በር ያላት ነገር ናት። ምግቡን መጀመሪያ ድንጋይ እስኪሆን ታቀዘቅዘዋለች፤ ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠው ፓምፕ ውስጧ ያለውን አየር ሁሉ ይመጥና፣ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ይወጣል። አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ምግቡ ሲወጣ መልኩም ቅርጹም ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ላባ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ደግሞ ተመልሶ ምግብ ይሆናል። ፓምፑ ሲሠራ ግን ቤቱ ውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው ያለ ይመስላል። የባላቸው እህት ሰምተው፣ "በጡረታሽ ባል ብታገቢበት ይሻል ነበር፤ እሱ እንኳ ጎኑን ሲጎሽሙት ዝም ይላል" ብለዋቸዋል።

የዚህ ሥራ ሚስጥሩ ያለው ሚዛን ላይ ነው፤ ማሽኗን የወደዷትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ምግቡ ደርቋል ተብሎ ሲወጣ ትሪው ይመዘናል። ለሁለት ሰዓት ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ይመዘናል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ የሚወጣ ውሃ አልቀረም ማለት ነው፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል። አንድ ግራም እንኳ ከቀነሰ ተመልሶ ይገባል። እትዬ ግራም አንዴ ለአንዲት ግራም ብለው አንድ ትሪ ሾርባ አምስት ጊዜ መልሰውታል።

ልጃቸው ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ለሥራ፣ ገበያም መንደርም ወደሌለበት በረሃ አርባ ቀን ልትሄድ ሆነ። ደውላ፣ "እማዬ፣ የአምስት ሰው፣ የአርባ ቀን ምግብ ታደርቂልኛለሽ?" አለቻቸው። ልጅቱ እናቷን አንድ ነገር ስትጠይቅ በስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። እትዬ ግራም ስልኩን ዘግተው ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ሄደው ዶሮ ገዙ።

አንድ ወር ሙሉ ማሽኗ አልጠፋችም። ዶሮው፣ የበሬ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ድንች ያለበት ሾርባው በየተራ ገብቶ ወጣ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ማታ ማታ እየመጣች ከረጢት በማሸግ ታግዛቸው ነበር። አሁን የእትዬ ግራምን አንድ ዓመል ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ዓመል ነውና። በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከኃጢአት ሁሉ የሚከፋው ማዳላት ነበር፤ አንዱ ልጅ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ደርሶት ሌላው ሁለት ከደረሰው እሳቸው ቤት እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር የወጣውን በግራም ለአምስት ሰው አካፈሉት። ከረጢቱ ላይ ቀን አልጻፉም። "ለሾፌሩ፣ ምሳ"፣ "ለአለቃው፣ እራት"፣ "ለልጄ፣ ቁርስ" እያሉ ጻፉ። አምስት ትልልቅ ሣጥን ሞላ። ሣጥኖቹ ተወስደው ጭነት መኪናው ላይ በተጫኑ ማግስት፣ መኪናው ሊነሳ ባለበት ጠዋት ነው እንግዲህ ጉዱ የወጣው።

መኪናው የሚነሳው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ግራም ለራሳቸው ፖም ሊያደርቁ ባዶውን ትሪ ሚዛን ላይ አስቀመጡ። ትሪዋን እንደ ልጃቸው ዕድሜ ያውቋታል፤ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ግራም ናት። ሚዛኑ ስድስት መቶ ሠላሳ አለ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ስድስት መቶ ሠላሳ። ትሪውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ስድስት መቶ አርባ አንድ። ይኼኔ ጎንበስ ብለው ከጎን አዩት። ትሪው ከሚዛኑ ይረዝማል፤ ጫፉ ወጣ ብሎ አየር ላይ መቅረት ነበረበት። አሁን ግን ከሚዛኑ አጠገብ የተቀመጠ የአንድ ነጭ ባልዲ ጠርዝ ላይ አርፏል። ባልዲው ውስጥ ባዶ ከረጢት ነበር።

ክው አሉ። ክብደቱን ሚዛኑ ብቻ ሳይሆን ባልዲውም ተሸክሞት ነበር ማለት ነው። ትሪው እንዲህ ተደግፎ ከሆነ ሥጋው በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥርም ሃያም ግራም ውሃ ቢያወጣ ሚዛኑ ላያየው ይችላል። "እኩል ነው፣ ደርቋል" እያሉ ያሸጉት ሁሉ ደርቆ ላይሆን ይችላል። አንድ ወር ሙሉ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ነበር እንጂ ትሪውን አላዩትም።

ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ ሳይለዩ አድርገው ልብስ ሰፊዋ ቤት ደረሱ።

"ያንን ነጭ ባልዲ ሚዛኑ ጥግ ያኖረው ማነው?"

"እኔ ነኛ፣ እትዬ። ከረጢቱ ለእጅዎ እንዲቀርብ ብዬ።"

"መቼ?"

"እንዴ... ያ ዝናብ የዘነበ ዕለት። ምነው?"

"የትኛው ዝናብ? በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቴ ዘንቧል!"

"እንግዲህ ዝናብ ዝናብ ነው፤ እኔ አልመዘንኩት" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ።

ተመልሰው የየዙሩን ሚዛን የሚጽፉበትን ደብተር ገለበጡ። ባልዲው ከመጣ ወዲህ ሁለት ዙርም ሊሆን ይችላል፣ ስምንትም። ስንተኛው ዙር የትኛው ከረጢት ውስጥ እንደገባ ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ለአምስት ተካፍሏል። ለማንም አላዳሉም፤ እርጥቡንም ቢሆን እኩል አድለውታል።

አንድ ተስፋ ቀርቷቸው ነበር። ከየዙሩ ለአምስት ሲካፈል የተረፈውን የዶሮ ሥጋ በአንድ ከረጢት አኑረውት ነበር። በመቀስ ቀደዱት። አንዱን ቁራጭ በጣታቸው ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደስ አላቸው። ሁለተኛው ቀጭ አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። "አይ የኔ ነገር፣ በከንቱ ነው የምሸበረው" አሉ። ስድስተኛው ወፈር ያለ ነበር። ጫን አሉት። አልተሰበረም። መሐሉ እንደ ጫማ ቆዳ ታጠፈ።

ቁጭ አሉ። ሥጋ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አየር በሌለበት ከረጢት ሳምንታት ቢቀመጥ መርዝ እንደሚሆን ያውቃሉ። ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው፤ አይሸትም፣ መልኩ አይለወጥም፣ ሰው በልቶት ነው የሚታወቀው። የሚበሉት ደግሞ ሐኪም ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሚርቅበት በረሃ ነው። "ይቀቅሉት የለ እንዴ፤ ደግሞ አንድ ቁራጭ ናት፣ ምናልባት ሌላው ሁሉ ደህና ነው" አሉ ለራሳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ አፋቸው ይህን ሲል እጃቸው ቁራጯን በመሐረብ እየቋጠረ ነበር።

ለልጃቸው ደወሉ። አራተኛው ጥሪ ላይ ተነሳ። ከጀርባዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

"እማዬ? ቶሎ በይ፣ ሸራ እያሰርን ነው።"

እትዬ ግራም አፋቸውን ከፈቱ። ሠላሳ ዓመት ተብሎ የማያውቅ ቃል በስልክ ከየት ይምጣ?

"በሰላም ግቢ ልልሽ ነው" አሉ።

"እሺ። ቻው።"

ስልኩ ሲዘጋ ራሳቸውን በጥፊ ሊመቱ ምንም አልቀራቸውም። አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡና ታክሲ ውስጥ ገቡ።

መኪናው እስኪሄድ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አይጠይቅም። ምናልባትም ማንም አይታመምም፤ አርባ ቀን አልፎ ልጅቱ ተመልሳ "ጣፋጭ ነበር" ትላለች፣ እትዬ ግራምም ትክክል እንደሆኑ ይኖራሉ። ታክሲው ውስጥ ይህንን ሲያስቡ እጃቸው መሐረቡን ጨምድዶ ይዞ ነበር። በየምሽቱ "ዛሬ የማንን ከረጢት ይሆን የከፈቱት?" እያሉ አርባ ሌሊት መቁጠር እንደማይችሉ አወቁ። ፈሩ። ለልጅቱ ፈሩ፤ ልጅቱን ደግሞ ፈሯት።

ትልቁ አደባባይ ጋ ሲደርሱ አስፋልት ሊነጠፍ መንገዱ ተዘግቷል። ታክሲው ቆመ። አምስት ሰዓት ከሩብ። "ልጄ፣ በሌላ መንገድ አይሆንም?" ቢሉት ባለታክሲው ትከሻውን ሰበቀ። ወረዱ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸውንና የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው በትኩስ ሬንጅ ሽታ መሐል ሱክ ሱክ አሉ። አንዱ የመንገድ ሠራተኛ፣ "እናት፣ ማን አሯሯጥዎ?" አላቸው። "ራሴው" አሉት።

የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሲደርሱ መኪናው አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ ሸራው ታስሯል። ልጃቸው ከኋላ ጎማው አጠገብ ሆና ዝርዝር የያዘ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከእሷ በፊት ያያቸው ግን የቡድኑ አለቃ ነበር፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እጁን ዘርግቶ መጣ።

"እናታችን መጡ! እኔ እኮ እርስዎን ማየት ስፈልግ ነው የቆየሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ቆርቆሮ ምግብ እንግዛ ብዬ ነበር። ልጅዎ በስብሰባ መሐል ብድግ ብላ ምን አለች መሰልዎ? 'እናቴ በሕይወቷ በአንድ ግራም ተሳስታ አታውቅም፣ እኔ ዋስ ነኝ' አለች። ኃላፊነቱን ፈርማ ነው የወሰደችው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እትዬ ግራም ይህንን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቁ እሳቸው ያውቃሉ፤ ይኸው ዛሬ ሰሙት፣ በዚህ ሰዓት፣ መሐረቡን እንደቋጠሩ። ቢመቷቸው ይሻላቸው ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸውና ደነገጠች።

"እማዬ? ምን ሆነሽ ነው? ማነው የታመመው?"

"ማንም አልታመመም። እንዳይታመም ነው የመጣሁት" አሉ። መሐረቡን ፈቱና ቁራጯን አወጡ፤ በሁለት ጣታቸው አጠፏት። "ይኼ ደርቋል ብዬ ያሸግኩት ነው። አልደረቀም። ሚዛኔ ትክክል አልነበረም።"

ሾፌሩ ከጋቢናው ወረደ። አለቃው ቁራጯን ተቀብሎ ራሱ አጠፋት። ከዚያ እትዬ ግራም የባልዲውን ነገር ከሥሩ ጀምረው ተናገሩ።

"እና ባልዲውን ያስቀመጠችው ጎረቤትዎ ናት?" አለ አለቃው፣ ለእሳቸው አዝኖ። ሾፌሩም ቶሎ ተቀበለው፤ "በቃ እሷ ናታ ያበላሸችው! ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ማዘዋወር ምን ይባላል?"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላቸዋል። ሠላሳ ዓመት በዚህ በር ወጥተዋል፤ አሁንም አንድ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚፈለገው። ልጅቱ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ እያየቻቸው ነው።

"እሷማ ልታግዘኝ ነው" አሉ እትዬ ግራም። "ሚዛኑን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከረጢቱ ላይ ቀን ያልጻፍኩትም እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ልጅቱ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

"የትኞቹ ናቸው?"

"አላውቅም።"

"ዶሮው ብቻ ነው?"

"አላውቅም፣ ልጄ። ሥጋውም፣ እንቁላሉም፣ ሾርባውም ሊሆን ይችላል።"

"ከፍተን ብናያቸውስ?" አለ ሾፌሩ።

"የተከፈተ ከረጢት አየር ገባው፤ አርባ ቀን አይቆይም" አሉ። "እኔ ብሆን አንዱንም አልበላም።"

አለቃው ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ልጅቱን አየ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። "ሸራውን ፍቱት" አለና ቆርቆሮ ምግብ ወደሚገኝበት መጋዘን ሊደውል ሄደ። ያን ቀን ይደርሱበታል የተባለው ማደሪያ ቀርቶ በአንድ ቀን ሊዘገዩ ነው።

አምስቱ ሣጥኖች ወረዱ። የአንድ ወር ሥራ ላባ ሆኖ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳው ነበር። "ለልጄ" የሚለውን ሣጥን ልጅቱ ራሷ ተሸክማ እናቷ እግር ሥር አኖረችው።

"ደውለሽልኝ ነበር" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሸራ ሳናስር። 'በሰላም ግቢ' ነው ያልሽኝ።"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"አንቺን።"

የልጅቱ ቁጣ ገና አልበረደም። ፊቷን አዙራ ወደ ሥራዋ ሄደች። እትዬ ግራም ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ሾፌሩ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" አለ፤ ቀሪውን ሳይጨርሰው አፍሮ ተወው፣ ውሃም አመጣላቸው። እሳቸውም አልተቆጡትም። እውነቱን ነዋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆርቆሮው ምግብ መጣ። ከባድ ነው፤ አራት ሰው እየተቀባበለ ሲጭነው ላብ በላብ ሆነ፣ ቦታ ለማግኘትም ሁለት ድንኳን ወረደ። ልጅቱ ስትጭን አንዴም ወደ እናቷ አላየችም። ሸራው ሲታሰር፣ በሮቹ ሲዘጉ፣ ሞተሩ ሲነሳ እትዬ ግራም ከሣጥኑ ተነስተው ቆሙ። ልትስማቸው አልመጣችም። ልትመጣ እንደማትችልም ገባቸው፤ አልፈረዱባትም። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ አጠገባቸው ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

መስኮቱ ወረደ። ልጅቱ እያየች ያለችው ፊት ለፊት መንገዱን ነበር።

"በሃያኛው ቀን ውሃ የሚያመጣልን መኪና ከዚህ ይነሳል" አለች። "ቆርቆሮው እስከዚያ ነው የሚበቃን፤ ለቀረው ሃያ ቀን የሚሆን ሌላ አዘጋጂና ላኪልን። አለቃዬን ጠይቄዋለሁ። ዋስሽ እኔ ነኝ ብያለሁ።"

እትዬ ግራም ወደ መስኮቱ ቀረብ አሉ።

"ቀን ጻፊበት። ደግሞ ሁለቴ መዝኚ።"

እትዬ ግራም እጃቸውን አነሱና ሦስት ጣታቸውን አሳዩ። መኪናው ተነሳ። ልጅቱ በጎን መስታወቱ ውስጥ ሳታያቸው አልቀረችም መሰለኝ፤ በሩን አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ መስኮቱን አልዘጋችውም።